ከንጣፉ በፊት አፈሩ፦ ለጋምቤላ የመኪና ማደሪያ ምን ዓይነት ወለል ይበጃል?

እንደሚታወቀው በከተሞቻችን አንድ ቤት ሲሠራ የባለቤቱ ሐሳብ በቅድሚያ የሚያርፈው በግድግዳውና በጣሪያው ላይ ነው። ወለሉ የሚታሰበው ገንዘቡ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ሲሆን፣ ከወለሎችም ሁሉ የመጨረሻውን ተራ የሚይዘው የመኪና ማደሪያው ነው። ጋራዥ የሚለው ቃል በአገራችን ይበልጥ የሚያስታውሰን የመኪና መጠገኛውን ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ በግቢ ውስጥ የምትገኘውን፣ መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል የሚያድርባትን መጠለያ የመኪና ማደሪያ እያልን እንጠራታለን። ጉዳዩ ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህች ከ15 ካሬ ሜትር የማትበልጥ ወለል፣ በተለይ እንደ ጋምቤላ ባለ ቦታ፣ በክፍል ውስጥ የተማርነው ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ጂኦሜትሪ የሚፈተንባት ናት። ፈተናው የሚወድቀው ደግሞ በወረቀት ላይ ሳይሆን ለዓመታት በእቁብ በተጠራቀመ የቤተሰብ ገንዘብ ላይ ነው።

አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ። እርጥበት ሲያገኝ በሚያብጥ፣ ሲደርቅም በሚኮማተር አፈር ላይ፣ እንደ አንድ ወጥ ሰሌዳ ከሚፈስስ ኮንክሪት ወይም በላዩ ከሚለጠፍ ሴራሚክ ይልቅ፣ በተለምዶ ኢንተርሎክ የምንለው እርስ በርሱ የሚቆላለፍ የንጣፍ ጡብ ይሻላል እንላለን። ይህን ስንል ግን ጡቡ ብቻውን ተአምር ይሠራል ማለታችን አይደለም። የወለሉን ዕድሜ የሚወስነው በይበልጥ ከጡቡ ሥር ያለው ነገር ነው። ስለሆነም ክርክራችንን ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ከአፈሩ እንጀምራለን።

የሚያብጠው አፈር

ከመቱና ከጎሬ ደጋ ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ ሜዳ የሚወርድ መንገደኛ ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚያስተውለው የአፈሩን መለወጥ ነው። በደጋው ቀይ አፈር ይበዛል። በሜዳው ደግሞ በሰፊው የሚታየው በተለምዶ ዋልካ ወይም መረሬ፣ በአፈር ሳይንስ ግን ቬርቲሶል የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ ዓይነቱ አፈር በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንደሚሸፍን የአፈር ጥናቶች ያመለክታሉ። በእርግጥ የጋምቤላ አፈር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በባሮ ወንዝ ዳርቻ አሸዋና ደለል ይገኛል፤ ከወንዙ ራቅ ሲባል ጥቁሩ ሸክላማ አፈር እያየለ ይሄዳል። በአንድ ከተማ ውስጥ የሁለት ጎረቤታሞች ግቢ እንኳ ሊለያይ ይችላል።

ለመሆኑ ጥቁሩን አፈር ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በዓይን በማይታየው ቅንጣት ውስጥ ነው። በዚህ አፈር ውስጥ ስሜክታይት የሚባሉ የሸክላ ማዕድናት በብዛት ይገኛሉ፤ ከእነርሱም የታወቀው ሞንትሞሪሎናይት ነው። እያንዳንዱ የማዕድኑ ቅንጣት እንደ መጽሐፍ ገጾች ከተነባበሩ እጅግ ስስ ንጣፎች የተሠራ ነው። የአንዱ ገጽ ውፍረት አንድ ናኖ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። በገጹ ውስጥ የአሉሚኒየምን ቦታ አልፎ አልፎ ማግኒዚየም ስለሚይዘው ገጹ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይኖረዋል። ይህንን ለማመጣጠን የሶዲየምና የካልሲየም አዮኖች በገጾቹ መካከል ይሰፍራሉ።

ዝናብ ሲመጣ እነዚህ አዮኖች የውሃ ሞለኪውሎችን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ውሃው በገጾቹ መካከል ሰርስሮ ሲገባ ገጾቹ ይራራቃሉ። ሁለት ረድፍ የውሃ ሞለኪውሎች ብቻ ሲገቡ እንኳ፣ በደረቅነቱ 1 ናኖ ሜትር ያህል የነበረው ከገጽ ገጽ ያለው ልክ ወደ 1.5 ናኖ ሜትር ገደማ ያድጋል። በቀይ አፈር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ካኦሊናይት የተባለው ማዕድን ግን ገጾቹ በሃይድሮጅን ትስስር የተጣበቁ ስለሆኑ ውሃ በመካከላቸው አይገባም። ልዩነቱን በቁጥር ለማየት የሚሻ አንባቢ የሚከተለውን ያስብ። የአንድ ግራም ስሜክታይት ገጾች ሁሉ ቢዘረጉ እስከ 700 ካሬ ሜትርና ከዚያም በላይ ስፋት ይኖራቸዋል። እንዲህ ከሆነ አሥር ግራም ያህሉ፣ ማለትም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የማይበልጠው፣ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ጋር የሚስተካከል ስፋት አለው ማለት ነው። ይህ ስፋት ሁሉ ውሃ የሚይዝ ነው።

አሁን ይህንን አፈር ከጋምቤላ የአየር ጠባይ ጋር እናጣምረው። ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይጥላል። ከዚያ በኋላ ረጅም የበጋ ወራት ይከተላሉ፤ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። አፈሩም በየዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይርሳል፣ ሙሉ በሙሉም ይደርቃል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚታይበት መሬት በክረምት ያብጣል፣ ይዘጋል፣ ከፍም ይላል። በላዩ ያለው ወለል ይህንን እንቅስቃሴ በየዓመቱ መሸከም አለበት።

ክብደት ለምን አያሸንፈውም?

በብዙ ግቢዎች የሚሰማው ምክር ወለሉ እንዳይሰነጠቅ ኮንክሪቱን ማወፈር ነው። ምክሩ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ሆኖም ስሌቱ አይደግፈውም። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት በአንድ ካሬ ሜትር 240 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና በ15 ካሬ ሜትር ወለል ላይ ሲቆም በአማካይ 100 ኪሎ ግራም በካሬ ሜትር ይጨምራል። ድምሩ 340 ኪሎ ግራም በካሬ ሜትር፣ በግፊት መለኪያ 3.4 ኪሎ ፓስካል ያህል መሆኑ ነው።

በሌላ በኩል የሚያብጥ አፈር እብጠቱን ጨርሶ ለመከልከል የሚጠይቀው ግፊት በብዙ አጋጣሚ ከ100 ኪሎ ፓስካል ይበልጣል። ይህም በካሬ ሜትር ከ10 ቶን ጋር የሚመጣጠን ነው። ወለሉና መኪናው ተደምረው የሚያሳርፉት ጫና የዚህ ሠላሳኛ ያህል ብቻ ነው። አፈሩን በክብደት ብቻ ለማቆም ብንነሣ ከ4 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ኮንክሪት ያስፈልገናል። ይህ ወለል ሳይሆን ምሽግ ነው።

አፈሩ ከታች በእኩል ቢያብጥና በእኩል ቢኮማተር ኖሮ ችግሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ ወለሉ እንዳለ ከፍና ዝቅ ይል ነበርና። ነገር ግን ከወለሉ መካከል በታች ያለው አፈር በወለሉ ስለተሸፈነ እርጥበቱ ብዙ አይለዋወጥም። በጠርዙ ያለው አፈር ግን ከዝናቡም ከፀሐዩም ጋር ይገናኛል። ስለዚህ በክረምት ጠርዙ ይነሣል፣ በበጋ ጠርዙ ይወርዳል፤ ሰሌዳው ይጎብጣል። በግቢው ውስጥ እንደ ማንጎ ያለ ትልቅ ዛፍ በአቅራቢያው ካለ ሥሩ ውሃውን ስለሚመጥጥ በዚያ በኩል ያለው አፈር ይበልጥ ይኮማተራል። ኮንክሪት ሲጫኑት እጅግ ጠንካራ ነው፤ ሲስቡት ወይም ሲያጎብጡት ግን ጥንካሬው ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ይወርዳል። ሰሌዳው ሲጎብጥ የውጪው ገጹ ስለሚሳብ በዚያ በኩል ይሰነጠቃል። በላዩ የተለጠፈው ሴራሚክም ከሥሩ ያለውን ስንጥቅ ተከትሎ ይሰነጠቃል፤ ሴራሚክ ይበልጥ ተሰባሪ ነውና።

ጥሩ ግንበኞች ይህንን ስለሚያውቁ የኮንክሪት ወለል በየ3 ሜትሩ ገደማ ሆን ተብሎ እንዲከፈል ያደርጋሉ። የኮንክሪቱ ባለሙያ ራሱ ስንጥቅ እንደማይቀር ተቀብሎ ቦታውን አስቀድሞ ይመርጣል ማለት ነው። ኢንተርሎክ ይህንኑ ሐሳብ እስከ መጨረሻው ይወስደዋል። ወለሉን በየ3 ሜትሩ ሳይሆን በየ10 እና በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ይከፍለዋል። ከዚያ በኋላ አፈሩ ሲንቀሳቀስ የሚሰበር ነገር የለም፤ የሚንቀሳቀስ መጋጠሚያ ብቻ አለ።

የተቆላለፉ ቁርጥራጮች ጉልበት

እዚህ ላይ አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ያልተጣበቁ ትንንሽ ጡቦች የመኪናን ክብደት እንዴት ይሸከማሉ? አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና በእያንዳንዱ ጎማው 375 ኪሎ ግራም ያህል ያሳርፋል። የጎማው አየር ግፊት 220 ኪሎ ፓስካል ቢሆን ጎማው መሬቱን የሚነካበት ስፋት 170 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። 20 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ጡብ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የአንድ ጎማ ጭነት ሙሉ በሙሉ በአንድ ጡብ ላይ ሊያርፍ ይችላል ማለት ነው።

ጡቡ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በእርግጥ ይሰምጥ ነበር። ነገር ግን በጡቦቹ መካከል ባለው ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክፍተት ውስጥ ደረቅና ደቃቅ አሸዋ ይሞላል። አንዱ ጡብ ሲጫን የአሸዋው ቅንጣቶች በግራና በቀኝ ካሉት ጡቦች ጋር ይጠባበቃሉ፤ ሰበቃው ጭነቱን ለጎረቤት ያካፍላል። ከጡቡ በታች ያለው የአሸዋና የጠጠር ንጣፍ ደግሞ ጭነቱን እየሰፋ ወደ ታች ያወርደዋል። ጡቡ 6፣ አሸዋው 3፣ ጠጠሩ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ መሐንዲሶች ለግምት በሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት መሠረት ላይ 220 ኪሎ ፓስካል የነበረው ግፊት አፈሩ ጋ ሲደርስ ወደ 21 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ከአሥር አንድ እጅ ያህል መሆኑ ነው።

የጡቦቹ አደራደርም ተራ ጌጥ አይደለም። ጡቦች በቀጥታ ረድፍ ሲደረደሩ መጋጠሚያው አንድ ረጅም መስመር ይሆንና ፍሬን የሚይዝ ወይም የሚጠመዘዝ ጎማ ረድፉን ወደ ፊት ሊገፋው ይችላል። አንዱ ጡብ በቁመቱ፣ ቀጣዩ በወርዱ እየተቀያየረ እንደ ዓሣ አጥንት ሲደረደሩ ግን ወጥ መስመር አይኖርም፤ ግፊቱ ወዲያውኑ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይበተናል። ለተሽከርካሪ ይህ አደራደር የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዦሴፍ አቤይ እ.ኤ.አ. በ1699 ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው ድንጋዮች ያለ ማጣበቂያ እርስ በርስ ተደጋግፈው ጠፍጣፋ ጣሪያ የሚሆኑበትን ዘዴ በስሙ አስመዝግቧል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኔዘርላንድ የሸክላ ጡብ ለቤት ሥራ ስላስፈለገ መንገዶች በኮንክሪት ጡብ መነጠፍ ጀመሩ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በጀርመን ጎናቸው የተጠማዘዘና አንዱ ሌላውን የሚይዝ ጡቦች ተስፋፉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአውስትራሊያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንዲህ ባሉ ቅርጾች የተሠራ ሰሌዳ አንድ ትልቅ ጠቀሜታ እንዳለው አስገነዘቡ፤ በአንዱ ቁራጭ የተነሣ ስንጥቅ በመጋጠሚያው ላይ ይቆማል፣ ወደ ጎረቤቱም አይሻገርም።

ወደ አገራችን ስንመለስም ምሳሌ አናጣም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን የተሠራው ያለ ማያያዣ ጭቃ ከተደረደረ ድንጋይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በድሬዳዋ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተው የኮብልስቶን ንጣፍም በዚሁ በአሸዋ፣ በሰበቃና በጠርዝ ሕግ የሚሠራ ነው። ኮብልስቶን የሚበላሽባቸውን ቦታዎች ያስተዋለ ሰው ትምህርት ያገኛል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከድንጋዩ ሳይሆን ጠርዙ ከፈረሰበት ወይም ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ በወጉ ካልተመለሰበት ቦታ ነው።

የፕላስቲኩ ንጣፍስ?

በአንዳንድ አገሮች የቤት መኪና ማደሪያ ሲነጠፍ የሚታወቀው ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፒቪሲ የተሠራ፣ በጥርሱ እየተያያዘ የሚቆለፍ የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። ያለ ባለሙያ በግማሽ ቀን ስለሚነጠፍ ይወደዳል። ለጋምቤላ ግን ሁለት ነገር መታየት አለበት እንላለን።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ሙቀት በ30 ዲግሪ ሲጨምር 5 ሜትር ርዝመት ያለው ኮንክሪት 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በዚያው ርዝመት የተነጠፈ ፖሊፕሮፒሊን ግን 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊረዝም ይችላል። ንጣፉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጨናንቆ ከተሠራ መሄጃ ስለሚያጣ መካከሉ ተነሥቶ ያብጣል። ፒቪሲ በበኩሉ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ከጎማ የሚወጡ ኬሚካሎችም የማይለቅ ቡናማ ምልክት ይተዉበታል። ከኮንክሪት ጡብ ጋር ስናነጻጽረው፣ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነው አንድ ጡብ በ30 ዲግሪ ለውጥ የሚረዝመው 0.06 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በአሸዋ የተሞላው መጋጠሚያ ያለ ችግር ይቀበለዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ይበልጥ መሠረታዊ ነው። የፕላስቲክ ሰሌዳ ቀድሞ የተሠራ ጠንካራና ለጥ ያለ ወለል ይፈልጋል። ስለዚህ ሽፋን ነው እንጂ ወለል አይደለም። የተሰነጠቀውን ኮንክሪት ከዓይን ይሰውረዋል፤ አፈሩን ግን አያስታግሠውም። በአሸዋማ መሬት ላይ ደህና የኮንክሪት ወለል ላለው ሰው፣ በዙሪያው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ከተተወለት፣ መጥፎ ምርጫ ነው አንልም። በዋልካ ላይ ለሚጀምር ሰው ግን ገንዘቡን ከላይ ሳይሆን ከታች እንዲያውለው እንመክራለን።

ውሃው የት ይሂድ?

በሐሳባችን ላይ ሊነሣ የሚችለው ብርቱ ተቃውሞ የሚከተለው ነው። የኢንተርሎክ መጋጠሚያ ውሃ ያስገባል፤ ውሃው የሚያብጠውን አፈር ካገኘው ደግሞ ችግሩን ራሳችን ጠራነው ማለት ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። በዋልካ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ አሸዋና ጠጠር መሙላት ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ መሥራት ሊሆን ይችላል። ከተሰነጠቀ የኮንክሪት ሰሌዳ በታች የሚገባው ውሃም ይህንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ሰሌዳው ችግሩን ደብቆ ማቆየቱ ነው። የሁለቱም መፍትሔ አንድ ነው፤ ውሃው ወለሉ ጋ ከመድረሱ በፊት እንዲሄድ ማድረግ።

የመኪና ማደሪያ ጣሪያ ስላለው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ራቅ ወዳለ ቦይ ከተመራ፣ ወለሉ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ካዘቀዘቀ፣ ከጠጠሩ በታች ያለው አፈርም እንዲሁ ወደ አንድ ወገን አዘቅዝቆ መውጫ ከተሠራለት፣ የሚገባው ውሃ ጥቂት ይሆናል። ይህ ለጤናም ነው። በተሰበረ ወለል ጎድጓዳ ላይ የተኛ ውሃ በሙቅ አገር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ከቆየ የወባ ትንኝ ለመፈልፈል ይበቃዋል፤ ጋምቤላ ደግሞ ወባ የሚበረታበት ክልል ነው።

ስለ ውሃ ሲነሣ የአካባቢውን ሕዝብ የቆየ ዕውቀት መዘንጋት አይገባም። የኑዌር መንደሮች ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩት ከጎርፉ ሜዳ ከፍ ባሉ አሸዋማ ጉብታዎች ላይ ነው። ቤቱ ከመሠራቱ በፊት መሬቱ ይመረጣል ማለት ነው። በገጠር የሚለቀለቀው የጭቃ ወለልም ሲሰነጠቅ በዚያው አካባቢ ጭቃ ተመልሶ ይለቀለቃል፤ ወለሉ ሊጠገን እንደሚችል ሆኖ የታሰበ ነው። ኢንተርሎክም የሚወደደው በዚህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ባሮ ሞልቶ ጋምቤላ ከተማንና ኢታንግን ጨምሮ በርካታ ቦታዎችን ባጥለቀለቀ ጊዜ እንደታየው፣ በዚህ ክልል ከጎርፍ ፈጽሞ አመልጣለሁ የሚል ግንባታ ጥቂት ነው። ውሃው ሲሸሽ ጡቡን ነቅሎ፣ ከሥሩ ያለውን አስተካክሎ፣ ያንኑ ጡብ መልሶ መደርደር ይቻላል። የተሰነጠቀ ሰሌዳ ግን ተፈልፍሎ ይጣላል፤ ምትኩም አዲስ ሲሚንቶ ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቅ ከተማ ደግሞ የሲሚንቶው ዋጋ የመንገዱንም ዋጋ ይጨምራል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

እስካሁን ያልነውን ወደ ሥራ ስንለውጠው ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ይሆናል። በመጀመሪያ በበጋ ወራት ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥቁሩን አፈር ቆርጦ ማውጣት ነው። ከዚያ የተቆረጠውን መሬት ወደ መውጫው አዘቅዝቆ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የማያብጥ ገረጋንቲ በ10 እና በ15 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ እየከፋፈሉ፣ እያረጠቡ መጠቅጠቅ ነው። በአንድ ጊዜ ተከምሮ ከላይ ብቻ የተጠቀጠቀ ሙሌት ሥሩ ልል ሆኖ ይቀራል።

ገረጋንቲ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ሌላው አማራጭ ኖራ ነው። ከደረቁ አፈር ክብደት ከ4 እስከ 6 በመቶ የሚሆን ኖራ ከጥቁሩ አፈር ጋር በሚገባ ሲደባለቅ፣ የኖራው ካልሲየም በገጾቹ መካከል ያለውን ሶዲየም ተክቶ ገጾቹን ያቀራርባል፤ እብጠቱም በእጅጉ ይቀንሳል። እነዚህ እርምጃዎች እንቅስቃሴውን ይቀንሱታል እንጂ ጨርሰው አያስቀሩትም፤ አፈሩ የሚረጥብበትና የሚደርቅበት ጥልቀት ከዚህ የበለጠ ስለሆነ። የቀረውን እንቅስቃሴ የሚቀበለው የጡቡ መጋጠሚያ ነው።

ከጡቡ በፊት ጠርዙ ይሠራል። በኮንክሪት የታሰረ ጠርዝ የሌለው ኢንተርሎክ ጎማ በገፋው ቁጥር ወደ ጎን ይሸሻል፤ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ አሸዋው ይፈስሳል። ጠርዙ ከቆመ በኋላ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የተጣራ የወንዝ አሸዋ ይነጠፋል፤ ለዚህም የባሮ ዳር አሸዋ ጭቃው ከታጠበ ይስማማል። በላዩ 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጡብ ይደረደራል፣ ይጠቀጠቃል፣ በመጨረሻም ደረቅ ደቃቅ አሸዋ በመጥረጊያ እየተጠረገ መጋጠሚያው እስኪሞላ ይገባል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላና ከየክረምቱ ማግሥት የጎደለውን አሸዋ መሙላት ያስፈልጋል።

ጡቡን በዚያው በጋምቤላ ማምረት ይቻላል። ሆኖም በዚያ ሙቀት ዋናው ፈተና ማጠጣቱ ነው። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካላዊ ውህደት ነው። ቢያንስ ለ7 ቀናት በጥላ ሥር ሳይደርቅ ያልቆየ ጡብ ጠርዙ ይፈረፈራል። ስለ ወጪውም በግልጽ መናገር ይገባል። ከ10 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ጋር ሲነጻጸር 6 ሴንቲ ሜትር ጡብ 40 በመቶ ያነሰ ኮንክሪት ይወስዳል፤ የጡቡ ቅልቅል ግን ሲሚንቶው የበዛ ስለሚሆን ቁጠባው ከዚህ ያነሰ ነው። ቁፋሮውና ሙሌቱም የሰው ጉልበት ይጠይቃል። በመሐንዲስ የተነደፈና በብረት የተጠናከረ ሰሌዳም በዋልካ ላይ ሊጸና ይችላል፤ ነገር ግን ለአንድ መኪና ማደሪያ ያንን ያህል ብረት የሚገዛ ጥቂት ነው።

በብርጭቆ የሚሠራ ምርመራ

ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው አፈሩ የሚያብጥ ከሆነ ነው። ይህንን ለማወቅ ደግሞ ትልቅ ቤተ ሙከራ አያሻም። ደርቆ የተፈጨና በደቃቅ ወንፊት የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር አፈር 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ባለ ውሃ ላይ ቀስ እያሉ መጨመርና 24 ሰዓት መጠበቅ ነው። የዘቀጠው አፈር 10 ሚሊ ሊትር ላይ ከቀረ እብጠት የለውም። 15 ከደረሰ እብጠቱ 50 በመቶ ነው፤ ከዚህ በታች የሆነ አፈር ለቀላል ግንባታ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። 20 ከደረሰ ወይም ካለፈ እብጠቱ 100 በመቶና ከዚያ በላይ ስለሆነ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻዋል። ምርመራው የባለሙያን ሙሉ ጥናት አይተካም፤ ነገር ግን የትኛው ግቢ ሊጠና እንደሚገባ ያመለክታል።

ይህ ምርመራ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ሊሠራ የሚችል ነው። ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ከግቢያቸው ጥቂት አፈር ቢያመጡ በአንድ ወር ውስጥ የከተማቸውን የአፈር እብጠት የሚያሳይ የመጀመሪያ ካርታ መሥራት ይችላሉ። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲና የክልሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ካርታውን በተሟላ ጥናት ሊያዳብሩት፣ ወጣቶችንም ጡብ በማምረትና በመንጠፍ ሊያሠለጥኑበት ይችላሉ። ከሌላ ከተማ የመጣ የቤት ንድፍ የዚያን ከተማ አፈር ታሳቢ ያደረገ ነው፤ የጋምቤላን አፈር ጠይቆ መልስ የሚያመጣ ግን የጋምቤላ ተማሪ ነው።

የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ የዕድገት ምልክት ሆኖ መታየቱን አንቃወምም፤ በጸና መሬት ላይ መልካም ነው። ሆኖም ወለል የሚመረጠው በገበያ ባየነው ውበት ሳይሆን ከሥሩ ባለው አፈር ጠባይ መሆን አለበት ብለን እናምናለን። ቁፋሮ ለመጀመር የተዘጋጀ ቤተሰብም ሲሚንቶ ከመግዛቱ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃና አንድ እፍኝ አፈር ወስዶ አንድ ቀን ይታገሥ። ልጁ የኬሚስትሪ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ውጤቱን እርሱ ያንብብለት።